አዴ ዘይነባ የመረጡልኝ ጠመንጃ

አዴ ዘይነባ ማለፋቸውን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ነው። ጎረቤቴ መዲና በሩ ላይ ቆማ፣ የሞተሩን ጩኸት ለመብለጥ እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ፣ ሀዋ፣ አዴ ዘይነባ አለፉ አለችኝ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ ባለ ወፍጮው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት እንደለበሰ፣ «እኒያ ጠመንጃ የሚመርጡት እናት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «እኔን እኮ ከልክለውኛል» አለና ሳቅ አመለጠው። አንዲት ከጎኔ የቆመች ሴት ደግሞ፣ የእኔን ባል ሦስት ወር አመላልሰው አንካሴ ይበቃሃል ብለው ሸኙት አለች። እንባዬ ሳይደርቅ ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አላህ ይዘንላቸው፣ እሳቸውም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ ለቅሶ አይወዱም ነበር።

የማያውቃቸው ሰው ይህን ሲሰማ የጠመንጃ ነጋዴ ይመስሉታል። አልነበሩም። ከሚሴ ውስጥ ከእኛ ሰፈር በላይ፣ ባጃጆች ከሚዞሩበት ጀርባ፣ ሁለት ላም አስረው እርጎ እየሸጡ የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። አዴ የምንላቸው እናት እንደማለት በአክብሮት ነው። አጭር ናቸው፤ ሲራመዱ ግን እንደ ረጅም ሰው ነው የሚራመዱት። ጠዋት ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ላሞቻቸውን ነው፣ ቀጥለው ሰውን። ሲመክሩ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲስቁ በሁለቱም ነው። ሳቃቸው ድምፅ የለውም። ትከሻቸው ብቻ ይዘላል፣ ይዘላል፣ በመጨረሻ መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ።

አባታቸው ባለ ጠመንጃ ነበሩ፤ ሁለቱም ባሎቻቸው እንደዚያው። «ሁለት ባል ቀብሬ ሦስት ጠመንጃ ድሬያለሁ» ይሉ ነበር። መዳር የሚሉት ለሚገባው ቤት አሳልፎ መስጠትን ነው። ሰው ጠመንጃ ሊገዛ ሲያስብ፣ ፈቃዱ ምንም ቢሆን፣ ዋጋው ምንም ቢሆን፣ አንዴ እሳቸው ዘንድ ብቅ ሳይል አይገዛም ነበር። አንዳንዱን ይመርቃሉ፤ አብዛኛውን ይመልሳሉ። የተመለሰ ሰው ተቆጥቶ ሲሄድ አላየሁም። እርጎ ጠጥቶ ነው የሚሄደው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ድሮም ነኝ፤ ያ ዓመት ግን አባሰብኝ። ዘመኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማን ምን አደረገ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ባለቤቴ አሊ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ሄዶ መንገድ ከተዘጋበት ወሩ ሳይመለስ ያልቃል። ቤታችን የከተማው ጫፍ ላይ ነው፣ ከኋላችን የጨፋ ሜዳ ብቻ። በውስጡ ያለነው እኔና ሦስት ሴት ልጆቼ ነን። ትልቋ ኑሪያ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ፈትያና ሰሚራ ገና የወተት ጥርሳቸውን የሚጥሉ ናቸው። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ከብቶች ተነድተው ከተወሰዱ ወዲህ፣ በሩን በማሽላ ጆንያ ደግፌ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የምተኛው። ባጃጅ ጭስ ማውጫው ሲፈነዳ ልጆቼን ሰብስቤ አልጋ ስር ገብቻለሁ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ኑሪያ እዚያው ስር ሆና፣ እማ፣ ይሄ እኮ የሰይዶ ባጃጅ ነው ትለኛለች።

አንድ ቀን አሊ ሲደውል ጠመንጃ እንግዛ አልኩት። እንግዲህ ክላሽ ይሁን፣ ሁሉም የያዘው እሱን ነው አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ፣ አዴ ዘይነባን ሳታማክሪ ምንም እንዳትነኪ ብሎኝ ስልኩ ተቋረጠ።

ሄድኩኝ። ላም እያለቡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ጫማዬ። የምጠብቀው መተኮስ ትችያለሽ ወይ፣ ብር አለሽ ወይ ይሉኛል ብዬ ነው። እሳቸው ማለባቸውን ሳያቋርጡ፣ ቤትሽ ዘነዘና አለ ወይ አሉኝ። አለ አልኩ። የምን ነው አሉ። የወይራ ነው አልኩ። ከባድ ነው ወይ አሉ። ከባድ ነው አልኩ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እሱ ጠመንጃሽ ነው» አሉኝ። «ጁምአ እስኪመጣ ያዥው። ልጅ አይንካው። ከበር አይውጣ። የት ነው ብዬ ስጠይቅሽ ሳታስቢ ንገሪኝ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። በማግስቱ ገበያ መሐል ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ከሩቅ አዩኝና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ላይ፣ «ሀዋ፣ ጠመንጃሽ የት ነው?» ብለው ጠሩ። ከአልጋው ራስጌ አልኩኝ፣ አፌ እየተያያዘ። ሽንኩርት ሻጩ ቀና ብሎ አየኝና ሳልከራከረው ዋጋ ቀነሰልኝ። በሌላው ቀን ከመስጊዱ አጠገብ፣ ከዚያ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ተሳፍሬ እያለሁ በመንገድ ዳር ቆመው ጠየቁኝ። ሳምንቱ ሳይጋመስ ሰፈሩ በሙሉ ሀዋ ጠመንጃ አላት ብሎ ፈራኝ። የላይኛው ቤት ጎረምሶች ከአጥሬ ሥር ተቀምጠው ጫት መቃም ተዉ። እኔም ልዋሽ አልፈልግም፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከባዱ ዘነዘና ልጆች የማይፈልጉት ይመስላል። ሁለተኛው ቀን ላይ ሰሚራ ሻሼን አልብሳው፣ ጡት እያጠባች እሹሩሩ ስትለው አገኘኋት። ስም አውጥታለት ነበር። ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት፤ ፈትያ ወንበር ላይ ወንበር ደርባ አወረደችው። ያን ቀን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ክላሽ ቢሆንስ ኖሮ? ሣጥን በቁልፍ ገዛሁና ዘነዘና ቆለፍኩበት። ኑሪያ ይህን አይታ ለጓደኞቿ፣ እናቴ ዘነዘና አስራለች ብላ ተናግራ ኖሮ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ስቆብኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መዲና መጣች። ማታ ቤቷ ወዳጃ አለ፣ ዱአ የሚያደርጉ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ በርበሬ አልተወቀጠም፤ ዘነዘናዋ ተሰንጥቋል። አንቺ ዘነዘና አበድሪኝ አለችኝ። እንግዲህ በእኛ አገር ዘነዘና ተጠይቆ የለም የሚባልበት ዘመን አልመጣም። እሳት አንከለክልም፣ ጨው አንከለክልም፣ ለሰርግ ድስት፣ ለለቅሶ ድንኳን አንከለክልም። እኔ ከእናቴ ቤት የወጣሁት አዎ ማለት ብቻ ተምሬ ነው። ሣጥኑን ከፈትኩና ሰጠኋት። ጠመንጃ መሆኑን እንኳ ያስታወስኩት ከበር ከወጣች በኋላ ነው።

እሳቸው ሰዓቱን ያወቁ ይመስል ብዙም ሳይቆዩ ደረሱ። ጠመንጃሽ የት ነው አሉኝ። መዲና ጋ ነው አልኩ። ዞረው ወጡ። ከአጥር ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ መዲና ቤት ገቡ፤ ወጡና ወደ ማዶ ተሻገሩ፤ ከዚያ ወጥተው ወደ ላይ ወጡ። ለካ መዲና በርበሬዋን ጨርሳ ለባሏ እህት አውሳዋለች፤ የባሏ እህት ደግሞ ለአማቷ። ሲመለሱ ዘነዘናውን ትከሻቸው ላይ እንደ ወታደር አድርገውት ነበር። ጫፉ በበርበሬ ቀልቷል። ከኋላቸው የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ግራ ቀኝ እያሉ ይሰለፋሉ።

በሬ ላይ ቆሙና፣ «ጠመንጃሽን አማቾች ቤት በርበሬ ሲወቅጥ ማረክሁት» አሉኝ።

ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸውም ትከሻቸው ዘለለ፣ ዘለለና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀይ የሆነውን ጫፍ በጣታቸው ጠረጉ። ደም የሚጠርጉ ይመስል ነበር።

«ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሌባውን ትፈሪያለሽ» አሉ። «ሌባው የማታውቂው ሰው ነው፤ እሱን እንቢ ማለት አያቅትሽም። ጠመንጃን የሚጠይቅሽ ግን የምታውቂው ነው። የአጎትሽ ልጅ ነው፣ የባልሽ ወንድም ነው። ለሰርግ ይልሻል፣ ለማሽላ ጥበቃ ይልሻል። አንቺ ደግሞ ማንንም ከልክለሽ አታውቂም።»

የት ነው ማለቱን ተዉና በሁለተኛው ሳምንት እንቢ ማለት ያስተምሩኝ ጀመር። ይህ ሥልጠና ከሁሉ የከበደኝ ነው። ሁሉንም ነገር እንደ ወትሮሽ ስጭ፣ ዘነዘናውን ብቻ ከልክይ አሉኝ። ደግሞ ምክንያት እንዳትሰጭ። ተበላሽቷል ካልሽ አሠራዋለሁ ይልሻል፤ ሰው ወስዶታል ካልሽ ሄጄ እቀበለዋለሁ ይልሻል፤ ባሌ አይፈቅድም ካልሽ ባልሽ ጋ ይደውላል። አልሰጥም ብቻ በይ። በአማርኛ ካቃተሽ ሂንኬኑ በይ፣ ያው አልሰጥም ነው፣ በሰው ቋንቋ ድፍረት ይገኛል። ብቻ ሰውየው በባዶ እጁ አይሂድ። ሌላ ነገር ስጭው።

ከዚያማ ሰፈሩን ሁሉ ላኩብኝ። ማን ከራሱ እንደመጣ፣ ማን እሳቸው ልከውት እንደመጣ አላውቅም ነበር። መዲና መጣች። ዘነዘናውን ስትጠይቀኝ አልሰጥም አልኳት። ተሰብሯል ወይ አለችኝ። አልተሰበረም አልኩ። ሰው ወስዶታል ወይ አለች። አልወሰደም አልኩ። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ። «አልሰጥም። በርበሬሽን አምጭና እኔ እዚሁ ልውቀጥልሽ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና በርበሬዋን አመጣች። እኔ እወቅጣለሁ፣ እሷ ተጋድማ የጎረቤት ወሬ ትነግረኛለች። ስትጨርስ፣ ከአሁን ወዲህ ማበደርሽን ተይው፣ ይሄ ይሻላል አለችኝ። ከዚያ በኋላ የስንቱን ሰው በርበሬ እንደወቀጥኩ አላህ ያውቃል፤ ክንዴ ግን የወንድ ክንድ ሆነ።

አንድ ቀን እሳቸውም የራሳቸውን በርበሬ ይዘው መጥተው እየወቀጥን ሳለ፣ ስለ መጀመሪያ ባላቸው ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሩኝ። የአጎቱ ልጅ ለሰርግ ተኩስ ብሎ ጠመንጃውን ተዋሰ። ሰርጉ እውነት ነበር፤ ሰርጉ ላይ ግን የቆየ ቂም ያለበት ሰው ተገኘ። ጠመንጃው ሲመለስ ደም ይዞ ተመለሰ። ደሙ በተኳሹ ወገን ብቻ ሳይሆን ባዋሰውም ሰው ላይ ተቆጠረ። ባላቸው እርቁ እስኪያልቅ ባቲ በረሃ ወርዶ ሰው ቤት ኖረ፤ እሳቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን ያለ አባት ወለዱ። ይህን ተናግረው ጨረሱና በርበሬው አፍንጫቸው ውስጥ ገብቶ አስነጠሳቸው። ደጋግመው አስነጠሱ። ከዚያ በቃ፣ ይህ ተወቅጧል፣ ገበታውን አምጭው አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ነው የጠመንጃ ፈቃዱ በአሊ ስም ወጥቶ፣ ጊደራችንን ሸጬ፣ ከአዴ ዘይነባና ከኑሪያ ጋር ጨፋ ሮቢት የወረድነው። ደላላው በደንብ የለበሰ፣ ምላሱ የተባ ሰውዬ ነው። አንድ ገበሬ ቤት አስገባንና ሦስት ጠመንጃ በምንጣፍ ላይ ደረደረ። ክላሽ፣ ሽጉጥና አንድ ምንሽር። ምንሽሩ ረጅም ነው፣ እንጨቱ በሽቦ ታስሯል፣ ከእኔ ዕድሜ በላይ ነው። ደላላው ስለ ክላሹ ሲናገር ስለ ሙሽራ የሚናገር ይመስላል። ሽጉጧን ደግሞ ለሴት እጅ የተሠራች ነች፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች እያለ እጄ ላይ ሊያስቀምጥልኝ ፈለገ።

አዴ ዘይነባ ጠመንጃዎቹን አላነሱም። እያንዳንዱን በዓይናቸው እያዩ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት ነበር፤ ይህን ማን ይዋሰዋል ይሉታል። ሰውዬው ግራ ገባው። ማንም አይዋሰውም፣ የራሷ ነው ይላል።

«ይህን ክላሽ የሰፈራችን ጎረምሳ በሙሉ ይዋሰዋል፣ ለሰርጉም ለጠቡም» አሉት። «ሽጉጧን ደግሞ ከልጆቿ በፊት ባሏ ኪሱ ከትቶ ይወጣል፤ እሱ ቢተዋት ትንሿ ልጇ ሻሽ ታለብሳታለች።»

ከዚያ ምንሽሩን እንዳነሳው አዘዙኝ። ከባድ ነው። ለማቀባበል ስሞክር ብረቱ እንደ ዛገ የበር መቀርቀሪያ ነው፤ ክንዴ በዘነዘና ባይጠነክር ኖሮ አይሆንልኝም ነበር። ኑሪያም ሞከረች፣ አልቻለችም። ነጠላ ስር አይደበቅም፣ ባጃጅ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ የያዘው ሰው ከሩቅ ይታያል። አንድ ከተተኮሰ ለሁለተኛው መቆምና ማሰብ ይጠይቃል። አዴ ዘይነባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ነው፤ ቤት ይጠብቃል፤ ሰርግ አያምርበትም፤ ማንም አይመኘውም አሉ።

ደላላው የተሸነፈ መስሎት ተናደደ። «እማማ፣ ጠመንጃ ነው ወይስ ምርኩዝ የሚመርጡት?» አላቸው።

«ምርኩዜን ማን ተዋሰኝ፣ ልጄ» አሉት። ባለቤቱ ገበሬ ከጥግ ሆኖ ሳቀ፤ ደላላውም ተከተለው።

ጽሕፈት ቤት ሄደን በወጉ ተመዘገበ። ጠመንጃው በሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ክፍል በሌላ ሣጥን፣ ሁለቱም ቁልፎች አንገቴ ላይ። አሊ ሲመጣ ምንሽሩን አይቶ፣ ክላሽ ግዥ ብዬሽ ቅድመ አያቴን ገዝተሽ ጠበቅሽኝ ብሎ አላገጠብኝ። አሹፍ አልኩት፤ ቁልፉን ግን እሱንም አልሰጠሁትም። ገርሞት ነበር። እኔም ገርሞኝ ነበር።

የተፈተንኩት የዚያን ዓመት በጋ ነው። የአሊ ታናሽ ወንድም ከማል ቦርከና ዳር በመስኖ ሽንኩርት ይተክላል። ጎረቤቱ ጦይብም እንደዚሁ። ውሃው በተራ ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ መዲና እየሮጠች መጥታ፣ ከማልና ጦይብ በውሃ ተራ ተጣልተው፣ ጦይብ በሰው ፊት ከማልን በጥፊ መታው አለችኝ። ሰው መሐል ገብቶ ገላግሏቸዋል። ገና ጨርሳ ሳትወጣ ከማል ራሱ በሩ ላይ ቆመ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ግራ ጉንጩ ቀልቷል። የዙህር አዛን ገና ማለቁ ነበር። መዲና ቀስ ብላ በአጠገቡ ሹልክ ብላ ወጣች።

ከማል ጮሆ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው።

«ሀዋ፣ ያን ምንሽር ስጭኝ።»

ሌሊት ስፈራ የኖርኩት ሌባ በልጆቼ አጎት መልክ፣ በቀን፣ ሰላምታ ሳይሰጥ መጥቶ ቆመ። ከማል ከእኔ ኃይለኛ ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ እንዳለ ያውቃል። የመጀመሪያ ሐሳቤ ጥይት የለውም ማለት ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«አልሰጥም» አልኩት።

«ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ የወንድሜ ቤት መሆኑን ረሳሽ? በወንድሜ ላብ የተገዛ ነው።»

«የወንድምህ ቤት ነው። ቁጭ በል። እርጎ አለ።»

«እርጎ?» አለ። «ሰው መሐል በጥፊ ተመትቼ እርጎ ትይኛለሽ? አንቺ ሴት አይደለሽም፣ ድንጋይ ነሽ።» ሌላም ብዙ አለኝ፤ ሁሉንም አልጽፈውም። እኔ በሣጥኑና በእሱ መሐል ቆሜ ሂንኬኑ፣ ሂንኬኑ ማለት ብቻ ነው የታየኝ። በሰው ቋንቋ ድፍረት ይገኛል የተባለው እውነት ነው።

ሰሚራ እርጎ ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ ማንም ሳይልካት ኩባያውን ሞልታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። እየፈሰሰ እያለ እግሩ ሥር ቆመች። እኛ ዘንድ የመጣልህን ወተት መግፋት ነውር ነው፤ ከልጅ እጅ ሲሆን ደግሞ ወላሂ ኃጢአት ነው። ከማል ኩባያውን አየ፣ ልጅቱን አየ። ተቀበላት። ቆሞ ጠጣ፤ ሁለተኛ ጉንጭ ላይ ቁጭ አለ። ሲቸኩል አፍንጫው ድረስ እርጎ ሆነ። ሰሚራ፣ ከማሌ ጢም አበቀለ ብላ ፈነደቀች። ሊቆጣት ፊቱን ሲያዞር ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣበት። ሁለተኛ ኩባያ ቀዳሁለት። በዓይኔ ለኑሪያ ምልክት ሰጠኋት፤ ወጣች።

ተመልሳ ስትመጣ አዴ ዘይነባንና አበጋሩን፣ በአገራችን የደምና የጠብ ነገር የሚያስታርቁትን ሽማግሌ፣ ይዛ ነበር። ሽማግሌው ከማልን በስሙ ሳይሆን በአያቱ ስም ጠሩት። እሳቸው ሲናገሩ አዴ ዘይነባ ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ጠጣ ወይ አሉኝ። ጠጣ አልኩ። ጨመርሽለት ወይ አሉ። ጨመርኩለት አልኩ። ከዚያ እኔን አቀፉኝ። አላመሰገኑኝም፣ ጎበዝ አላሉኝም። ጆሮዬ ሥር አንገቴን ብቻ በእጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ቁልፉ ባለበት ቦታ።

እርቁ ቀላል አልነበረም። ሽማግሌዎች ተመላለሱ። ጦይብ ካሠ፣ የውሃው ተራ እንደገና ተስተካከለ፣ ዱአ ተደረገ። ከማል ግን እኔን ያኮረፈው ከጦይብ ከታረቀ በኋላም ነበር። በበሬ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል። አዴ ዘይነባ አብሽሪ፣ የሚያኮርፍ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው ይሉኝ ነበር። እውነት ነው። በሱ ኩርፊያ ላይ ደስ እያለኝ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንገቱን ሲያዞር አይቼ ፈገግ ብዬ ያለፍኩትን ሴቶች አይተው አበደች ብለውኛል።

በምንሽሩ እስከ ዛሬ ሌባ ላይ አልተኮስኩም። ፈሪነቴም አልለቀቀኝም፤ ተኩስ ሲሰማ ልቤ ዛሬም ይመታል። ጫማዬን አውልቄ መተኛት ግን ከዚያ በጋ ወዲህ ጀመርኩ። አሊም ቢሆን ስለ ክላሽ ከዚያ በኋላ አንስቶ አያውቅም።

ሽንኩርት በደረሰ ጊዜ፣ አዴ ዘይነባ ከእኔ በራፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ ሳለ፣ አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ከማልና ጦይብ ናቸው፣ ጎን ለጎን ተጣብበው፣ ሁለት ጆንያ በእግራቸው ሥር። አንዱ ጆንያ ከአንዱ ማሳ፣ ሌላው ከሌላው ነው። ከማል አንገቱን አላዞረም፤ አሰላሙ አለይኩም አለኝና ጆንያውን አውርዶ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ጦይብም ተከተለ። እዚያው ክርክር ጀመሩ፤ የማን ሽንኩርት ይበልጣል፣ የማን በደንብ ውሃ ጠጥቷል። ከማል የእኔ ቀይ ነው ይላል፤ ጦይብ ቀለም ይበላል እንዴ፣ የእኔን ክብደት እይ ይለዋል። አንዱ ሌላውን በክርኑ ይገፋል።

በመጨረሻ ጦይብ፣ አዴ፣ እርስዎ ይዳኙን አለ።

አዴ ዘይነባ ከሁለቱም ጆንያ አንድ አንድ ሽንኩርት አወጡ። አንዱን ላጡና ቀመሱ። ሌላውን ላጡና ቀመሱ። ዓይናቸው አነባ። ሁለቱ ወንዶች እንደ ተማሪ አጎንብሰው ፊታቸውን ያያሉ።

«አልፈርድም» አሉ።

«ለምን፣ አዴ?» አለ ከማል።

ምክንያት እንዳትሰጭ ያሉኝ እሳቸው አይደሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የቀረውን ሽንኩርት ጉንጫቸው ውስጥ ወሸቁ።

«ጆንያዎቹን ግን እዚሁ ተዉአቸው» አሉ።